ለ32 መስመር የኢንተራፕት ተቆጣጣሪ የጻፍኩትን ድራይቨር ከመላኬ በፊት እዩልኝ

ባለብየዳው፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሰሌዳ ሰው ነኝ፤ ብየዳና ኦስሲሎስኮፕ ይቀለኛል። ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ እጄን ካስገባሁ ገና ስምንት ወር ስለሆነኝ፣ ይህን ድራይቨር ለሊኑክስ ከርነል ሰዎች ከመላኬ በፊት የእናንተን ዓይን ልለምን መጣሁ። እዚያ ከምዋረድ እዚህ ብዋረድ ይሻለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቺፕ ዚንክ 7000 ነው፤ ሁለት ኮርቴክስ ኤ9 ኮሮችና አንድ ኤፍፒጂኤ (ውስጡን ራሳችን የምንቀርጸው ሃርድዌር) በአንድ ገላ። ከኤፍፒጂኤው ወደ አርሙ ፕሮሰሰር ዋና የኢንተራፕት (ሃርድዌር ፕሮሰሰሩን ከሥራው አቋርጦ የሚጠራበት ምልክት) ተቆጣጣሪ፣ ወደ ጂአይሲ፣ የሚሄዱት የጋራ መስመሮች 16 ብቻ ናቸው። እኔ የሞተር መፈተሻ ማሽን እየሠራሁ ስለሆነ 27 ያስፈልጉኛል። ስለዚህ 32 መስመር ተቀብሎ አንድ መስመር ብቻ ለጂአይሲ የሚያወጣ ትንሽ ተቆጣጣሪ ራሴ ኤፍፒጂኤው ውስጥ ሠራሁ። አራት ሬጂስተሮች (ድራይቨሩ የሚያነባቸውና የሚጽፍባቸው ትናንሽ ቋቶች) አሉት፦ ሁኔታ፣ ፈቃድ፣ ዓይነት እና ዋልታ። የሁኔታው ሬጂስተር ላይ 1 የተጻፈበት ቢት ይጠፋል፤ 0 የተጻፈበት እንዳለ ይቀራል።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የበላብኝ ድራይቨሩ ሳይሆን ዲቫይስ ትሪው (ሰሌዳው ላይ ምን እንዳለ ለከርነሉ የሚነግረው ፋይል) ነበር። መመሪያው የመጀመሪያውን መስመር 61 ይለዋል፤ እኔም 61 ብዬ ጻፍኩ። ለካ የጋራ መስመሮች በዲቫይስ ትሪ ላይ የሚቆጠሩት ከ32 በኋላ ኖሮ 29 ነበር መጻፍ ያለበት። ለሚመጣው ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

አሁን ድራይቨሩ 240 የኮድ መስመር ሆኖ ይሠራል። ግን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የመልእክት መቀበያው፣ መስመር 11፣ ጸጥ ይላል። ይህ ክፍል መልእክት ሲደርስ የሚያሳውቀው ወረፋው ባዶ ከነበረ ብቻ ነው፤ ያኔ አንድ አጭር ምት ይሰጣል። መልእክት በየ30 ሰከንዱ አንድ ይመጣል። ሌላው ሥራ የሚበዛበት መስመር 5 ነው፤ ከኢንኮደሩ በሰከንድ 1000 ምት ይመጣበታል። መስመር 11 አንዴ ጸጥ ካለ ክፍሉን እንደገና ካላስነሳሁት በቀር አይመለስም። የሚገርመው፣ የመስመር 5 ተቀባይ (ምቱ ሲመጣ የሚጠራው ኮድ) ውስጥ ጽሑፍ የሚያትም የኮድ መስመር ስጨምር ችግሩ ይጠፋል። እኔ የጠረጠርኩት የኤፍፒጂኤውን የጊዜ አያያዝ ነው። ሙሉውን ኮድ አያይዣለሁ፤ አንዱን ክፍል፣ አክን (መስመሩ ተሰምቷል ብሎ የሁኔታ ቢቱን የሚያጠፋውን)፣ የሲውን ኮድ ወደ አማርኛ መልሼ ላስቀምጥ፤ ማስኩም (መስመሩን ለጊዜው የሚዘጋው ክፍል) በዚሁ መንገድ የፈቃድ ሬጂስተሩን አንብቦ፣ አንዱን ቢት አጥፍቶ፣ መልሶ ይጽፋል።

አክ(መስመር)፦
    ዋጋ = አንብብ(ሁኔታ)
    ዋጋ = ዋጋ ወይም ቢት(መስመር)
    ጻፍ(ሁኔታ፣ ዋጋ)

ቢት ቆጣሪ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡55

ኤፍፒጂኤህን አትውቀሰው። አክህን እየው።

1 ሲጻፍበት የሚጠፋ ሬጂስተርን አንብቦ፣ አንድ ቢት ጨምሮ፣ መልሶ መጻፍ ያነበቡትን ሁሉ ማጥፋት ነው። መስመር 5ን አስተናገድኩ ስትል በዚያ ቅጽበት ቆሞ ተራውን የሚጠብቀውን ሁሉ አብረህ ትጠርገዋለህ። «ወይም» የሚለው ስሌት የለመድነው ለፈቃድ ሬጂስተር ስለሆነ እጅ ሳያስበው ይጽፈዋል። እኔም ጽፌው አውቃለሁ።

ታዲያ ለምን በየደቂቃው አይቆምም? ዋናው ተቀባይህ ሲጠራ ሁኔታውን አንዴ አንብቦ ቅጂውን ይይዛል፤ ከዚያ ቢት በቢት ይዞራል። 5 እና 11 በዚያ ቅጂ ላይ አብረው ካሉ ችግር የለም። የ5 አክ ሁለቱንም ከሬጂስተሩ ቢጠርግም፣ 11 ቅጂው ላይ ስላለ ተራው ሲደርስ ይጠራል። የሚሞተው ከላይኛው ንባብ በኋላ፣ አክ ውስጥ ካለው ንባብ በፊት የደረሰ 11 ነው። ቅጂው ላይ የለም፤ ሬጂስተሩ ላይ የነበረውም ተጠርጓል። መስመሩ ሌቭል (እስኪስተናገድ ድረስ ተነስቶ የሚቆይ ምልክት) ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ይነሳ ነበር። ምት ስለሆነ ግን አንዴ አንኳኩቶ ሄዷል። ወረፋው ደግሞ ከእንግዲህ ባዶ ስለማይሆን ሁለተኛ አያንኳኳም። ጸጥ ማለቱ ከዚህ ነው።

ስሌቱንም እንየው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ማስክ የሚያደርገው ንባብና ጽሑፍ ስላለ፣ ክፍተቱ 600 ናኖሰከንድ ነው ብለን እንነሳ። በሰከንድ 1000 ጊዜ ስለሚከፈት ከጠቅላላው ጊዜ 0.06 በመቶ ክፍት ነው ማለት ነው። በቀን የሚመጡት መልእክቶች 2880 ናቸው። አባዛቸው፤ 1.7 ይመጣል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ አላልክም?

ማተሚያው ችግሩን ያጠፋው መስሎህ ነው። በሰከንድ 115200 ቢት ፍጥነት አንድ ፊደል 87 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ 40 ፊደል ስታትም ሦስት ሚሊሰከንድ ተኩል ሄደ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የኢንኮደሩ ምቶች ተደራርበው አንድ ይሆናሉ፤ የአክ ቁጥር ይቀንሳል፤ ክፍተቱም ያነሰ ጊዜ ይከፈታል። ችግሩ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቆ ይመጣልህ ነበር።

መፍትሔው ማንበቡን መተው ነው። ቢት(መስመር)ን ብቻ ጻፍ፤ ሌላው 0 ስለሆነ አይነካም።

ሁለተኛ፣ የፈቃድ ሬጂስተሩን ያለ ቁልፍ ታነባለህ፣ ትጽፋለህ። ኮሮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ መስመር 3ን ሲፈቅድ ሌላው መስመር 9ን ሲከለክል የአንዱ ሥራ ይጠፋል። ቀሪውን ነገ አያለሁ።

ጀማሪ ነኝ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡15

ጋሼ ቢት ቆጣሪ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ከርነሉ ማስክን ሲጠራ ራሱ ቁልፍ ይዞ ነው የሚጠራው ብለው አስተምረውናል። ታዲያ ድራይቨሩ ሌላ ቁልፍ ለምን ያስፈልገዋል?

ደግሞ ኢንተራፕትን በአማርኛ ምን እንበለው? ለመመረቂያ ጽሑፌ «ማቋረጫ» ብዬ ነበር፤ መምህሬ ከጎኑ የእግረኛ መንገድ ሥዕል ሠርተው መለሱልኝ።

ቢት ቆጣሪ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከርነሉ የሚይዘው ቁልፍ የየመስመሩ ነው። የመስመር 3 ቁልፍ የመስመር 9ን ሰው አያስቆመውም። የፈቃዱ ሬጂስተር ግን የ32ቱም የጋራ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀምበት ግቢ አስበው። እያንዳንዱ የራሱን በር ቢቆልፍ ቆጣሪው አይጠበቅም።

ስለ ስሙ፣ መምህርህ ትክክል ናቸው። «አቋራጭ» ብትለው ደግሞ ባሰ፤ የጓሮ መንገድ ይሆናል። እኔ ኢንተራፕት ብያለሁ፤ ሬዲዮንም ሬዲዮ ብለን ኖረናል።

የማታ ተረኛ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 5፡30

ቁልፍ ሲጨምር ተራውን ስፒንሎክ (እስኪለቀቅ ሳይተኛ የሚጠበቅ ቁልፍ) እንዳይጠቀም ከአሁኑ ልናገር። በሪልታይም ከርነል (ምላሹ ከተወሰነ ጊዜ እንዳያልፍ የተሠራ) ላይ ተራው ስፒንሎክ ወደሚያስተኛ ቁልፍ ይቀየራል፤ ማስክና አክ የሚጠሩት ደግሞ መተኛት በማይቻልበት ቦታ ነው። «ሮ» (raw) የሚባለው ስፒንሎክ ነው የሚያስፈልገው። ሪልታይሙ በ2024 እትም 6.12 ላይ ለኤክስ86፣ ለአርም64 እና ለሪስክ ቪ ወደ ዋናው ከርነል ገብቷል። የእርሱ ባለ 32 ቢት አርም በዚያ እትም ውስጥ ባይኖርም፣ ለሞተር የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ሪልታይሙን መፈለጉ አይቀርም።

ከዚያ በላይ የምለው ግን ሌላ ነው። ይህ ድራይቨር 240 መስመር የሆነው ለምንድን ነው? ከርነሉ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ የጋራ ቺፕ የሚባል መዋቅር አለ። የሬጂስተሮቹን ቦታ ትነግረዋለህ፤ አኩን፣ ማስኩን፣ ቁልፉን እርሱ ይሠራልሃል። አኩ ደግሞ ቢቱን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ሳያነብ። ባለብየዳው ያለውን ቢጠቀም ኖሮ ይህ ውይይት ባልተከፈተም ነበር።

ባለብየዳው፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 5፡50

እውነት ነው። ግን ራሴ ጽፌው መማር ፈልጌ ነበር።

የማታ ተረኛ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 6፡05

ለመማር ከሆነ በቤትህ ጻፈው፤ ማንም አይከለክልህም። ለመላክ ከሆነ አንተ ብትሰለች ሌላ ሰው ዓመታት የሚጠብቀው ኮድ ነው። እኔ የሰው ድራይቨር ስጠብቅ ጸጉሬ ሸብቷል።

ቢት ቆጣሪ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡40

ከተረኛው ጋር በግማሹ እስማማለሁ። የጋራው ቺፕ ይሁን፤ ግን መጀመሪያ በእጁ የጻፈውን አስተካክሎ ማሽኑ መዳኑን ይይ። አንድ ለውጥ በአንድ ጊዜ። ሁለቱን አብሮ ቢቀይር የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ሌላ ያየሁት፦ የሰሌዳው ባለቤት አንተ ስለሆንክ ከፈቃዱ ሬጂስተር ይልቅ ሁለት ሬጂስተር ስጠው፤ አንዱ ለመፍቀድ፣ አንዱ ለመከልከል፣ ሁለቱም 1 የተጻፈበትን ቢት ብቻ የሚነኩ። የመጀመሪያው ራስቤሪ ፓይ ላይ ያለው የብሮድኮም ቺፕ እንዲህ ነው፤ የዚንክ ሠሪው የዛይሊንክስም ተቆጣጣሪ እንዲህ ነው። ማንበብ ስለማይኖር ቁልፍም አያስፈልግም።

እንዲሁም ከላይኛው ንባብ በኋላ ሁኔታውን ከፈቃዱ ጋር አጣራው። አሁን የተከለከለ መስመር ቢት ቢነሳ እርሱንም ትጠራዋለህ።

ባለብየዳው፣ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡10

አኩን ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ አስተካከልኩ። አንድ የኮድ መስመር ነው የተቀየረው። በቀን አንዴና ሁለቴ የሚለው ጠፍቷል፤ ቢት ቆጣሪ፣ እጅህ ይባረክ።

ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም። በእነዚህ ቀናት ውስጥ መስመር 11 ሁለት ጊዜ እንደገና ቆሟል። ማስታወሻውን ሳየው ሁለቱም ጊዜ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው የመጡበት ሰዓት ነው። ይህ አልፎ አልፎ ነው የሚሆነው። አሁንስ ኤፍፒጂኤው ነው?

ውሃ ልክ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡25

እስካሁን በዝምታ ሳነብ ነበር። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ መስመሮቹን ስታስተዋውቅ ለሁሉም የሰጠኸው አያያዝ የሌቭል ነው ወይስ እንደየዓይነታቸው ነው? ዓይነት የሚቀበለው ክፍልህ የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ 0 (ማለትም ተሳክቷል) ሲመልስ ነው የማየው።

ሁለተኛ፣ እርሳስና ወረቀት ያዝ። ኤፍፒጂኤው ውስጥ ምቱ መጀመሪያ የሚያገኘው በር የትኛው ነው? የፈቃዱ በር ነው ወይስ ምቱን ይዞ የሚያቆየው ላች?

ባለብየዳው፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡00

አያያዙ ለሁሉም የሌቭል ነው፤ ሲሠራ ስላየሁት አልነካሁትም። በሩን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ላች። ያልተፈቀደ መስመር ላች ውስጥ ገብቶ እንዳያስቸግረኝ ብዬ ነው።

ውሃ ልክ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡45

እዚያ ላይ ነው።

የሌቭል አያያዝ ማለት ማስክ ያደርጋል፣ አክ ይላል፣ ተቀባይህን ይጠራል፣ በመጨረሻ ማስኩን ያነሳል። ሌቭል ካልከፈትክለት ከደጅ የማይነሳ እንግዳ ስለሆነ በሩን ዘግተህ ብትሠራ ቅር አይለውም፤ ስትከፍት እዚያው ታገኘዋለህ። ምት ግን አንኳኩቶ የሚሄድ ነው። አሁን ያንተን ተከታታይ መልእክት እንከተለው። የመጀመሪያው ደረሰ፤ መስመር 11 ማስክ ሆነ፤ ተቀባይህ ወረፋውን አንብቦ ባዶ አደረገው፤ ተመልሶ ሊወጣ ነው። በዚህ መካከል፣ ማስኩ ገና ሳይነሳ፣ ሁለተኛው መልእክት ባዶ ወረፋ ላይ ደረሰና ምት ሰጠ። ምቱ የፈቃዱን በር ዝግ አገኘው። ላቹ ጋ አልደረሰም። ማስኩ ሲነሳ ማንም የለም፤ ወረፋው ውስጥ ግን አንድ መልእክት ተቀምጧል።

የኤጅ (የምት) አያያዝ ይህን አያደርግም። መጀመሪያ አክ ይላል፤ በሩን ክፍት ትቶ ተቀባይህን ይጠራል። አዲስ ምት ከመጣ ላቹ ይይዘዋል፤ ወደ ጂአይሲ የሚሄደው መስመርህም ሌቭል ስለሆነ ወዲያው እንደገና ትጠራለህ። ስለዚህ ዓይነት በሚቀበለው ክፍል ውስጥ ዓይነቱ ኤጅ ሲሆን አያያዙንም ወደ ኤጅ ቀይር። ሃርድዌሩ የማይችለውን ዓይነት ደግሞ ስህተት ብለህ መልስ። ጂአይሲ ራሱ በጋራ መስመሮቹ ላይ ከፍ ያለ ሌቭልና ወደ ላይ የሚወጣ ኤጅ እንጂ ሌላ አይቀበልም፤ የእርሱም ድራይቨር ሌላውን ይመልሰዋል እንጂ ዝም ብሎ አይውጠውም።

አንድ ተጨማሪ። «ከልክል» የሚለውን ጥሪ ለይተህ ሞልተህ ማስክን ሰጥተኸዋል። ባዶ ተወው። ባዶ ሲሆን ከርነሉ ስንፍናን ይመርጣል፤ መስመሩ ተከልክሏል ብሎ ይጽፍና ሃርድዌሩን አይነካም። በመካከል ምት ከመጣ ያኔ ማስክ አድርጎ መምጣቱን ይመዘግባል፤ መስመሩ ሲፈቀድም እንደገና ያነሳዋል። ይህ ስንፍና የተፈለሰፈው ምት እንዳይጠፋ ነው። አንተ በትጋትህ አጠፋኸው።

በሩንም አዙረው፤ መጀመሪያ ላች፣ ከዚያ ፈቃድ።

ጀማሪ ነኝ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡10

እንግዳው ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ባለብየዳው፣ ረቡዕ ከምሽቱ 4፡20

እህቴ ውሃ ልክ፣ ሁሉንም አደረግሁ። መስመር 11ን ለመፈተን ምት ማመንጫ አገናኘሁበት፤ ኤፍፒጂኤው ውስጥ የምቶች ቆጣሪ፣ ተቀባዩ ውስጥ ሌላ ቆጣሪ አስቀመጥኩ። ሌላው ምት የሚመጣው የፊተኛው ከተስተናገደ በኋላ እንዲሆን አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ አሠራሁት። ጠዋት ሁለቱም ቆጣሪዎች እኩል ናቸው። በሰሌዳ ሥራ እንዲህ ያለ ጠዋት ብዙ አይገጥምም።

አሁን ግን ሌላ ነገር ፈላ። ሌቭል የሆኑት መስመሮች፣ ለምሳሌ የሙቀት መለኪያው፣ የሚቆጠሩት እጥፍ ሆኗል። አንድ ክስተት ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ በሁለተኛው ጥሪ ተቀባዩ ሥራ አያገኝም፣ የእኔ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ከርነሉ ምንም አላማረረም።

ውሃ ልክ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 5፡00

እኔ ባዞርኩት በር የመጣ ነው፤ ጥፋቱን እወስዳለሁ። ፊት ፈቃዱ ቀድሞ ስለነበር ማስክ የተደረገ ሌቭል ላቹ ጋ አይደርስም ነበር። አሁን ግን አያያዙ አክ ሲል መለኪያው ገና መስመሩን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ስለዚህ ላቹ ወዲያው ይሞላል። ተቀባይህ መለኪያውን ዝም ቢያሰኘውም ላቹ የያዘውን ይዟል፤ ማስኩ ሲነሳ ያንን ያፈሳል።

የዛይሊንክስ ድራይቨር ይህንኑ አግኝቶታል። መስመሩ ሌቭል ከሆነ አኩን ማስክ በሚያነሳው ክፍል ውስጥ እንደገና ይጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈቅደው። አስተያየቱም እዚያው ኮዱ ላይ ተጽፏል፤ አንብበው።

ከርነሉ ያላማረረው ለማማረር ብዙ ስለሚፈልግ ነው። ከ100,000 ጥሪዎች ውስጥ ከ99,900 በላይ ባለቤት ሲያጡ ነው መስመሩን የሚዘጋው። ያንተ ግማሹ ነው ባለቤት ያጣው።

ቢት ቆጣሪ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 5፡40

ያ ለዛይሊንክስ ነው፤ እነርሱ የወጣን ሃርድዌር መመለስ አይችሉም። አንተ ትችላለህ። ሌቭል መስመር ላች ምን ያደርግለታል? የዓይነት ሬጂስተር አለህ፤ ቢቱ ሌቭል የሚል ከሆነ ላቹን ዝለለው፣ መስመሩን በቀጥታ ወደ ሁኔታው አሳልፈው። ድራይቨሩ ላይ አንድም ልዩ ሁኔታ አይጨመርም።

ውሃ ልክ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 5፡52

ይህ ይሻላል። የእኔን ተዉት።

ባለብየዳው፣ እሑድ ከጠዋቱ 4፡30

በቢት ቆጣሪ መንገድ ሄድኩ። እጥፉ ጠፋ። ከዚያ በተረኛው ምክር ወደ ጋራው ቺፕ አዛወርኩት፤ ድራይቨሩ አሁን 118 መስመር ነው። መፍቀጃና መከልከያው ተለያይተዋል። ሌሊቱን የሚሠራውን ፈተና ደግሜዋለሁ፤ ቆጣሪዎቹ እኩል ናቸው።

አንድ የቀረኝ ጉዳይ አለ። የድሮው ኤፍፒጂኤ ያለባቸው ሁለት ሰሌዳዎች ደንበኛ ዘንድ ናቸው። አዲሱ ድራይቨር ሲነሳ የትኛው ዓይነት መሆኑን ፈትኖ ቢለይስ? ለምሳሌ መከልከያው ላይ ጽፎ መልሶ ቢያነብ?

የማታ ተረኛ፣ እሑድ ከጠዋቱ 5፡15

በፍጹም። ድራይቨር ሃርድዌርን አይገምትም፤ ዲቫይስ ትሪው ይነግረዋል። ሁለት ዓይነት ካለ ሁለት የተለያየ መለያ ስም ይሰጠዋል።

ቢት ቆጣሪ፣ እሑድ ከጠዋቱ 5፡30

መለያ ስሙም አያስፈልግም። ለሁለት ሰሌዳ ብለህ ለዘላለም የሚጠበቅ ኮድ ከርነሉ ውስጥ አታስገባ። በዚንክ ላይ የኤፍፒጂኤው ምስል ሰሌዳው ሲነሳ የሚጫን ፋይል ነው። ሂድና ቀይረው። ለወደፊቱ ግን አንድ የእትም ቁጥር የሚነበብበት ሬጂስተር ጨምር።

ስትልከው የዲቫይስ ትሪውን መግለጫ ለብቻው፣ ድራይቨሩን ለብቻው አድርገህ ላክ፤ መግለጫው ይቅደም። ሌላ የለኝም። ሦስተኛው ክፍል ላይ ከመስመሩ መጨረሻ ትርፍ ክፍተት አለ፤ እርሱን አጥፋ።

ባለብየዳው፣ እሑድ ከቀኑ 7፡05

ክፍተቱ ጠፍቷል። የእትም ሬጂስተሩም ገብቷል። አንዱ ሰሌዳ እዚሁ ከተማ ነው፤ ሌላው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሁለት ኤስዲ ካርድ ጽፌ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ሐሙስ እሄዳለሁ።